አቤ ጉበኛ፦ ከጣና ዳርቻ የተነሣው የ«አልወለድም» ደራሲ

አቤ ጉበኛ (1925–1972 ዓ.ም.) ልብ ወለድ ጸሐፊ፣ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ነበር። ከሁሉም በላይ የሚታወቀው «አልወለድም» በተሰኘው ልብ ወለዱ ነው። መጽሐፉ ለገበያ ቀርቦ 800 ያህል ቅጂ እንደተሸጠ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ታግዷል። ደራሲውም በጽሑፎቹ ምክንያት ወደ ኢሉባቦር ተግዞ ቆይቷል። ከግዞት ሲመለስ ግን ብዕሩን አላስቀመጠም።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዚህ ጽሑፍ የደራሲውን ሕይወትና ዋና ዋና ሥራዎቹን በአጭሩ እናቀርባለን። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ሙስሊም አንባቢ ይህን ሰው ለምን ማወቅ እንደሚገባው የምንለውን እንላለን።

ልደትና የትውልድ ስፍራ

አቤ በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት በአቸፈር፣ ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ የገጠር መንደር ተወለደ። የአባቱ ስም «ጉበኛ» በአማርኛ ዘብ፣ ጠባቂ፣ ሌሊት ነቅቶ የሚያድር ማለት ነው። ደራሲው በኋላ የሠራው ሥራ ከዚህ ስም ጋር እንዴት እንደገጠመ አንባቢ ራሱ ይፈርዳል።

ያኔ ባሕር ዳር ዛሬ የምናውቃት ከተማ አልነበረችም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ሥፍራ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተሰባሰበች ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን መንገድና ሕንፃ ጀመሩባት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የተቋቋመውና የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ የተከፈተው አቤ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋምም ሥሩ እዚያ ላይ ነው። አቤ ያደገው እንግዲህ ከዚያ ሁሉ በፊት ነው፤ ገበሬው በበሬ ያርስ፣ የሐይቁ ሰው በደንገል ታንኳ ይቀዝፍ በነበረበት ዘመን።

ያ የሐይቅ ዳርቻ የሙስሊሞችም አገር መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ እንወዳለን። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከጥንት ጀምሮ በጣና ዙሪያ ይኖራል። ታንኳውን ከደንገል የሚያስረው፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ ቀድሞም ጉማሬ ያድን የነበረው ይህ ሕዝብ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 ገደማ ወደዚህ አካባቢ ሲመጣ፣ ማኅበረሰቡ የራሱ ቋንቋ እንደነበረው ጽፏል። ያ ቋንቋ ዛሬ የለም፤ አማርኛ ተክቶታል። ነገደ ወይጦዎች ለረጅም ዘመን የእርሻ መሬት ሳይኖራቸው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በማዕድም በጋብቻም ሳይቀላቀሉ ኖረዋል። ሙስሊም ነን ሲሉ እንኳ የሌላው አካባቢ ሙስሊም ወንድማቸው በጉማሬ ሥጋ ሰበብ ያርቃቸው ነበር። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የቅኔ ቤት ልጅ

አቤ እንደ ብዙ የጎጃም ልጆች ትምህርቱን የጀመረው በቤተ ክህነት ነው። ንባቡን ካደላደለ በኋላ ወደ ቅኔ ቤት ገባ። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ እነ ዋሸራ፣ እነ ጎንጅ፣ እነ ዲማ በመላ አገሪቱ ስመ ጥር ናቸው። ተማሪው ከመምህር ወደ መምህር በእግሩ እየተጓዘ፣ ለምኖ እየበላ፣ በግእዝ በየጊዜው አዲስ ቅኔ እየዘረፈ ይማራል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም አይፈቀድለትም።

ይህ ሕይወት ለሙስሊሙ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ወሎ ውስጥ ቂርአት የሚቀራ ደረሳ ከሸኽ ወደ ሸኽ እየዞረ፣ መንደሩ በሚሰጠው እህል እያደረ ኪታብ ይጨርስ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል። ሁለቱም ቤቶች የቃልን ክብደት ያስተምራሉ። ሁለቱም ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትልልቅ ሰዎችን አበርክተዋል። በወሎ እነ ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በአጀም፣ ይጽፉ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ በወሎ ሙስሊም ላይ ያወጡትን የግዳጅ ክርስትና አዋጅ በመቃወም በብዕርም በትግልም ከተነሡት ዑለማእ አንዱ እርሳቸው ናቸው። ማለትም በአማርኛ ለባለ ሥልጣን «ይህ ግፍ ነው» ብሎ መጻፍ በአቤ ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። የአንድ ወገን ቅርስም አይደለም።

አቤ ከቅኔ ቤት ይዞት የወጣው ዋና ነገር ሰምና ወርቅ ነው፤ ላዩን ሌላ፣ ውስጡን ሌላ የሆነ ንግግር። በኋላ ስለ ሮም ሲጽፍ፣ ስለ ኮንጎ ሲጽፍ፣ ገና ስላልተወለደ ሕፃን ሲጽፍ አንባቢ ወርቁን ፍለጋ ወደ ራሱ አገር ይመለከት የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋዜጠኝነትና የመጀመሪያዎቹ ተውኔቶች

ከቤተ ክህነት ትምህርት በኋላ አቤ ዘመናዊ ትምህርት ተከታትሎ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በማስታወቂያ ሚኒስቴር በጋዜጠኝነት ሠራ፤ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ተቀጥሮ ነበር። ከዚያ ግን የመንግሥት ሥራውን ተወና በብዕሩ ብቻ ለመኖር ቆረጠ። በዚያ ዘመን ይህ ከባድ ውሳኔ ነበር። ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ መጽሐፍ የሚገዛው ከዚያም ያንሳል። ደራሲ ተብሎ የሚታወቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ሚኒስትር ወይም አምባሳደር ሆኖ በትርፍ ሰዓቱ የሚጽፍ ነበር። አቤ ደመወዝም ማዕረግም ሳይኖረው ደራሲ ነኝ ካሉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ከቀደሙት ሥራዎቹ መካከል «የሮም አወዳደቅ» የተሰኘው ተውኔት ይገኛል። ርእሱ የጥንት ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ በዘውድ ሥር የሚኖር ተመልካች የአንድን ገናና መንግሥት ውድቀት በመድረክ ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

ሌላው ተውኔት ስለ ፓትሪስ ሉሙምባ አሟሟት የጻፈው ነው። ሉሙምባ የነጻይቱ ኮንጎ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ከሥልጣኑ ተነሥቶ በጥር 1953 ዓ.ም. ተገደለ። በወቅቱ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ኮንጎ ነበሩና ጉዳዩ በአዲስ አበባም ይወራ ነበር። አቤ የአንድን አፍሪካዊ መሪ ግድያ ለአማርኛ ተመልካች ወዲያው ማቅረቡ፣ ዓይኑ ከአገሩ ድንበር አልፎ ያይ እንደነበር ያሳያል።

«አልወለድም»

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረና ከሸፈ። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ማንኛውንም ትችት በጥርጣሬ ያይ ጀመር። «አልወለድም» የወጣው በእንዲህ ያለ ጊዜ፣ በ1955 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። ስለ አፍሪካ ነጻነት ንግግር በሚደረግባት ከተማ፣ ስለ ራሷ ሕዝብ በደል የሚናገረው መጽሐፍ ከገበያ ተለቀመ።

የመጽሐፉ ሐሳብ ቀላልና አስደንጋጭ ነው። በእናቱ ማሕፀን ያለ ሕፃን ወደዚህ ዓለም አልወጣም ይላል። ፍትሕ ወደሌለበት፣ ድሃ እንደ ሰው ወደማይቆጠርበት አገር ለምን እመጣለሁ ብሎ ይሟገታል። ገበሬው ለባለ መሬት እየገበረ በሚራብበት፣ ዳኝነት በገንዘብና በዝምድና በሚሰጥበት ዘመን ይህ ጥያቄ የብዙ ሰው የልብ ጥያቄ ነበር። ማንም ደፍሮ በአደባባይ ያልተናገረውን ገና ያልተወለደ ሕፃን ተናገረው። አቤ ይህን አፍ የመረጠው በብልሃት ነው፤ ማሕፀን ውስጥ ያለን ሕፃን ማን ያስራል? ማን ይገርፋል? ሕፃኑ አልታሰረም፤ ዕዳው የጸሐፊው ሆነ።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢዎች ርእሱን ብቻ አይተው «ይህ በአላህ ቀደር ላይ ማመፅ አይደለምን?» ሊሉ ይችላሉ። የምንወለደውም የምንሞተውም በአላህ ፈቃድ መሆኑን እናምናለን፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የመጽሐፉ ክስ የቀረበው በሰው ላይ ነው። ሕፃኑ የሚሸሸው ሕይወትን ራሷን ሳይሆን ሰዎች በሰዎች ላይ የጫኑትን ግፍ ነው። ልብ ወለድ እንዲህ ያለ ዘዴ ይጠቀማል። እንስሳ ይናገራል፣ ሙት ይመሰክራል፣ ያልተወለደ ይሟገታል። በሥነ ጽሑፍ የሚመዘነው የተናጋሪው ማንነት ሳይሆን የተነገረው እውነት ነው።

800 ያህል ቅጂ ከተሸጠ በኋላ መጽሐፉ ታገደ፤ የቀረውም ተሰበሰበ። በዘመኑ ማንኛውም ጽሑፍ በመንግሥት ሳንሱር ሥር ነበረ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመናገርና የመጻፍ ነጻነትን በወረቀት ቢሰጥም በተግባር መርማሪው ያልወደደው አይወጣም፣ ከወጣም አይቆይም። ሆኖም እገዳው መጽሐፉን አላጠፋውም። የተሸጡት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፤ ያላነበበው ሰው እንኳ ርእሱን አወቀ። ዛሬ «አልወለድም» ከአማርኛ ልብ ወለዶች መካከል ስሙ በጣም ከሚነሣው አንዱ ነው።

ግዞት በኢሉባቦር

አቤ በጽሑፎቹ ምክንያት ወደ ኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ተጋዘና ሦስት ዓመት ያህል በዚያ ቆየ። ኢሉባቦር ዝናሙ የማያቋርጥ፣ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ የቡና አገር ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ደግሞ ያኔ እጅግ ሩቅ ነበር። ግዞት ከእስር የሚለየው ግድግዳ ባለመኖሩ ብቻ ነው። ሰውዬው ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ግን ከወዳጅ፣ ከማተሚያ ቤትና ከአንባቢ ይለያል። ለደራሲ ይህ ትልቁ ቅጣት ነው።

የባለ ሥልጣናቱ ሐሳብ ጸሐፊው እንዲረሳ ከነበረ አልተሳካም። አቤ ተመልሶ ጻፈ። «መልክአም ሰይፈ ነበልባል»፣ «ጎብላንድ አጭበርባሪው ጦጣ»፣ «የረገፉ አበቦች» ከሥራዎቹ መካከል ናቸው። ግጥሞቹንም በመጽሐፍ አሳትሟል። በጠቅላላው በልብ ወለድ፣ በተውኔትና በግጥም ከአሥር በላይ መጻሕፍት ትቶልናል።

«አንድ ለናቱ» እና የቋራው ካሣ

ከአቤ ታሪካዊ ልብ ወለዶች ትልቁ «አንድ ለናቱ» ነው። በ1961 ዓ.ም. ታትሟል። ባለ ታሪኩ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ርእሱ ለእናታቸው ብቸኛ ልጅ መሆናቸውን ያመለክታል።

ቋራ ከጣና በስተ ምዕራብ ነው። ስለዚህ አቤ ስለ ቴዎድሮስ ሲጽፍ ስለ ጎረቤቱ መጻፉ ነበር። በልጅነቱ የሰማው ተረት፣ ሽለላና ቀረርቶ ሁሉ የዚያን አካባቢ ሰው ይዞ የመጣ ነው። በዚያው ዘመን ሌሎችም ደራስያን ወደ ቴዎድሮስ ተመልሰዋል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በየፊናቸው ጽፈዋል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። ቴዎድሮስ ከትልቅ ቤተ መንግሥት ሳይሆን ከበረሃ ሽፍትነት ተነሥቶ ዙፋን የያዘ ሰው ነው። የዘር ሐረግ የሥልጣን ማስረጃ በሆነበት አገር የእርሱን ታሪክ ማንሣት ራሱ መልእክት ነበረው።

በሚዛን ለመናገር፣ የቴዎድሮስ ስም በሁሉም ቤት በአንድ ዓይነት አይነሣም። በወሎ የደረሰው ዘመቻና የግዳጅ ክርስትና በሙስሊሙ ትውስታ ውስጥ ከባድ ቁስል ነው። «አንድ ለናቱ»ን የሚያነብ ሙስሊም ይህን ታሪክ ይዞ ቢያነብ ይበጀዋል። ልብ ወለድ ጀግናውን ሲያጎላ፣ አንባቢ ደግሞ ከጀግናው ጀርባ የወደቀውን ማየት አለበት።

በእንግሊዝኛ የጻፋቸውና የአሜሪካው ቆይታ

አቤ በእንግሊዝኛም ጽፏል። በ1956 ዓ.ም. ገደማ «ዘ ሳቬጅ ገርል» የተሰኘ ተውኔት አሳተመ፤ «አረመኔዋ ልጃገረድ» እንደ ማለት ነው። በአውሮፓውያን 1975 ደግሞ «ዲፋያንስ» የተሰኘው ልብ ወለዱ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በኩል ወጣ፤ ትርጉሙ «እምቢታ» ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በፋሺስት ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተፈጸመው እልቂት ዙሪያ ነው። ማዕከሉ አንድ አዛውንት አርበኛና ቤተሰባቸው ናቸው።

በ1966 ዓ.ም. አካባቢ አቤ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጸሐፍት መርሐ ግብር ተሳትፏል። መርሐ ግብሩ በአውሮፓውያን 1967 የተጀመረ ሲሆን ከመላው ዓለም ደራስያንን ለወራት ሰብስቦ የመጻፊያ ጊዜና ቦታ ይሰጣል። ከአቸፈር የቅኔ ተማሪ ተነሥቶ አዮዋ መድረስ ረጅም መንገድ ነው። እርሱ ግን እዚያ ለመቅረት አልመረጠም፤ ወደ አገሩ ተመለሰ።

አብዮቱና የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። አቤ ከአሥር ዓመት በፊት በልብ ወለድ ያነሣው ጥያቄ አደባባይ ወጣ። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ገበሬው የየራሱን ጥያቄ ይዞ ተነሣ። የእኛም ወገን ዝም አላለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወንድሞቻቸው ጋር በመሆን በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ወጡ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ይቅር፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ዒድ አል-ፈጥር፣ ዒድ አል-አድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት።

ይሁን እንጂ አዲሱ መንግሥትም ብዕርን አልወደደም። ቀይ ሽብር ብዙ ወጣት በላ። ሳንሱሩ ስሙን ቀይሮ ቀጠለ። አቤ ጉበኛ በ1972 ዓ.ም. ገና በአርባዎቹ ዕድሜው ሳለ ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ «ኦሮማይ»ን የጻፈው በዓሉ ግርማ የደረሰበት ጠፋ። የሁለት መንግሥታት ዘመን ለደራሲ ያቀረበው ዋጋ እንዲህ ያለ ነበር።

ኖርዌያዊው ተመራማሪ ሬይዱልፍ ሞልቬር ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን ሕይወት ባዘጋጀው ሰፊ መጽሐፍ አቤን አካቶታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሥራዎቹን እያነሡ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራሉ።

ለእኛ ምን ይለናል?

አሁን ወደ ጣና ዳርቻ እንመለስ። «አልወለድም» ስለ ነገደ ወይጦ ተጻፈ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን መጽሐፉ የሚጠይቀው «ሰው በተወለደበት ቤት ብቻ ለምን ይናቃል?» የሚለው ጥያቄ፣ ከደራሲው መንደር ብዙ ሳይርቅ በሐይቁ ዳር ለሚወለድ አንድ ሙስሊም ሕፃን በየቀኑ የሚነሣ ጥያቄ ነው። አያቱ ታንኳ የሠራበት ዳርቻ ለሆቴልና ለመዝናኛ ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ገብቶ በስሙ ሲሰደብ፣ መስጊድ ሲሄድ እንኳ ከኋላ ሲታይ ያ ሕፃን ምን ይላል? መልሱን መንግሥት ላይ ብቻ መጣል አንችልም። ከፊሉ የእኛ የሙስሊሞቹ ዕዳ ነው። ከባሕር ዳር መስጊዶች ሶፍ ውስጥ አብሮን ትከሻ ለትከሻ የሚቆመውን ወንድም በማዕድም በጋብቻም ወንድም ካላደረግነው፣ የሶፉ ትርጉም ምንድን ነው?

አቤ ጉበኛ ሙስሊም አልነበረም። የጻፈው ግን በእኛም ቋንቋ ነው፤ የጠየቀው የእኛንም ጥያቄ ነው። መጽሐፉን ያገኛችሁ አንብቡት። ልጆቻችሁ ጎልማሶች ከሆኑ አብራችሁ አንብቡትና ተወያዩበት። በባሕር ዳር የምትኖሩ ደግሞ ከመጽሐፉ በኋላ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ በእግራችሁ ሂዱ፤ ደንገል የሚያስሩትን ወንድሞች ሰላም በሉ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት መግባታቸውን ጠይቁ። ሊወለድ ያልፈለገው ሕፃን የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

አላህ ፍትሕን ከሚያቆሙት ያድርገን። ኣሚን።